የ«ባር» ዘመዶችና ባዕዶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ገና ሳይፈርሱ፣ በዕድሜ ከሚበልጡኝ አንድ ወዳጄ ጋር ከአንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አማርኛ በማስተማር ነው። ከራሳችን በላይ የተሰቀለውን ቀለሙ የለቀቀ ሰሌዳ ቀና ብለው አነበቡና «ይህ ባር የሚሉት ቃል እኮ የኛው በር ነው» አሉኝ። «ፈረንጅ ወሰደው እንጂ። ሰው በበር ይገባል፣ ገብቶ ይጠጣል፤ በሩ ባር ሆነ ማለት ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ኖሯል። «አይደለም ካልክ ከየት እንደመጣ ንገረኛ!» ብለው አፋጠጡኝ። አላውቅም ነበር። ዝምታዬን እንደ መረታት ቆጥረው ሌላ ብርጭቆ አዘዙ።

ነገሩ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሲከነክነኝ ቆየ። የጋሼ ዓይነት አባባል በአገራችን ብርቅ አይደለም። ድምፁ የተመሳሰለውን የባዕድ ቃል ሁሉ «ከኛ የተወሰደ ነው» ማለት ቋንቋን የማክበር ምልክት እየመሰለን መጥቷል። እኔ ግን ቃልን ማክበር ማለት የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ነው ባይ ነኝ። መንገዱ ካልታወቀ መመሳሰሉ ምንም አይነግረንም። የሰው አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ ቃሉ ደግሞ ባጠረ ቁጥር ከማያውቀው ቃል ጋር የመጋጨት ዕድሉ ይሰፋል። በአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች መካከል እንኳ እንዲህ ነው። የዐረብኛው «ኢብን» ልጅ ማለት ሲሆን የግዕዙ «እብን» ድንጋይ ነው። ሁለቱን በድምፃቸው ብቻ ያዛመደ ሰው የሰውን ልጅ ድንጋይ አደረገው ማለት ነው።

በቅድሚያ የሰሌዳውን ባር እናንሳ። እንግሊዝኛ ቃሉን ያገኘው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ባር» ማለት በር ወይም መተላለፊያ የሚዘጋበት መወርወሪያ፣ አግዳሚ እንጨት ማለት ነበር። ከፈረንሳይኛው ጀርባ በላቲን ዘመን ማብቂያ ላይ ተራው ሕዝብ ይናገረው የነበረ «ባራ» የሚል ቃል ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ዱካው ይጠፋል። ትርጉሙ ከመወርወሪያ ወደ መጠጥ ቤት የተሻገረው በእንግሊዝ አገር ነው። ሻጩ ከጠጪው የሚለየው በአንድ አግዳሚ እንጨት ነበርና፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ እንጨቱ ራሱ «ባር» ተባለ፤ በኋላም ስሙ ከእንጨቱ ወደ ቤቱ ተላለፈ። እንግዲህ ጋሼን በአንድ ነገር ልደግፋቸው እችላለሁ፤ ቃሉ በእርግጥ ከበር ጋር ነገር አለው። ግን የሚከፍተው ሳይሆን የሚዘጋው ነው።

በፍርድ ቤትም ዳኛውን ከባለጉዳዩ የሚለይ አግዳሚ ነበር። ጠበቃው ወደዚያ አግዳሚ ቀርቦ እንዲናገር ሲፈቀድለት «ወደ ባር ተጠራ» ይሉታል፤ ዛሬም በአሜሪካን አገር የጥብቅና ፈተናው «ባር» ነው የሚባለው። ዋሽንግተን ሕግ ያጠና ልጅ አዲስ አበባ ላለች እናቱ ደውሎ «ባር አለፍኩ!» ቢላት፣ ሳይገባ ማለፉ ነው ብላ እግዚአብሔርን የምታመሰግን አትጠፋም።

ጣሊያኖች ቃሉን ከእንግሊዝኛ የወሰዱት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። እነሱ ዘንድ ባር በዋነኝነት ጧት ቆመው ቡና የሚጠጡበት ቤት ነው። በእኛ ዘንድ ግን «ቡና ቤት» ስንል ለብዙ ዘመን ያሰብነው ቢራውንና ኮኛኩን፣ የማታውን ሙዚቃ ነው። ጣሊያን በመጠጥ ቤት ስም ቡና ይጠጣል፣ እኛ በቡና ስም መጠጥ እንጠጣለን። ደግሞ ጋሼ ብቻቸውን እንዳይመስሏችሁ፤ ጣሊያን ውስጥም «ባር» የሦስት የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው የወጣ ነው፣ የባንኮኒ መስተንግዶ ማለት ነው የሚል ተረት ይወራል። የቋንቋ ሊቃውንቱ አይቀበሉትም፤ ተረቱ ግን ከሊቃውንቱ ይልቅ በባንኮኒው ዙሪያ ሰሚ አለው።

ጎሚስታ ቤት ብትሄዱ ሌላ ባር ታገኛላችሁ። የጎማ ንፋስ መለኪያው ፊት ላይ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ባር» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህኛው ከመጠጥ ቤቱ ጋር አይተዋወቅም። ክብደት ከሚለው «ባሮስ» ከተባለው የግሪክ ቃል ወጥቶ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአየር ግፊት መለኪያ እንዲሆን ተደረገ፤ በሰፊው ያስተዋወቀው ኖርዌያዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ቪልሄልም ብየርክነስ ነው። ባሮሜትርም ከዚሁ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት አንድ ባር ያህል ሲሆን፣ እኛ ዘንድ፣ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ፣ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። አዲስ አበባ ላይ ሽሮ ለመብሰል ጊዜ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

ግሪኮች ሌላም ነበራቸው፤ የእነሱን ቋንቋ የማይናገረውን ሰው ሁሉ «ባርባሮስ» ይሉት ነበር። አፉ ባር-ባር የሚል መሰላቸውና ነው። ይህኛው ባር ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው፤ ትርጉም ማጣቱ ራሱ ትርጉም ሆነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ባር ግን ከእሑድ ጧት ጀምሮ በጆሯችን ሲገባ የኖረ ነው፤ ልብ ሳንለው እንጂ። በርናባስ፣ በርተሎሜዎስ፣ በርጤሜዎስ፣ በርያሱስ፣ በርባን። እነዚህ ሁሉ ስሞች በአንድ ቃል ይጀምራሉ፤ ቃሉም የአራማይኩ «ባር»፣ ልጅ ማለት ነው። በክርስቶስ ዘመን የፍልስጥኤም ሕዝብ የሚነጋገርበት ቋንቋ በአብዛኛው አራማይክ ስለነበር ሰው በአባቱ ሲጠራ «የእገሌ ልጅ» ይባላል፤ ልክ እኛ ዛሬም ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም እንደምንጠራው። በርተሎሜዎስ የተልማይ ልጅ ነው። ጴጥሮስ በግሪኩ ወንጌል ስምዖን ባርዮና ይባላል፤ የዮና ልጅ። ወንጌላዊው ማርቆስ የኢያሪኮውን ዕውር ሲያነሳ የጤሜዎስ ልጅ መሆኑን ይነግረንና እዚያው ላይ በርጤሜዎስ ይለዋል። አራማይክ ለማያውቀው አንባቢው ስሙን መተርጎሙ ነበር፤ ለምናነበው ለእኛ ግን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተነገረ ይመስለናል። በርናባስንም ሐዋርያት ያወጡለት ስም መሆኑንና «የመጽናናት ልጅ» ማለት መሆኑን የሐዋርያት ሥራ ይናገራል። ሊቃውንት ግን «ናባስ» ከመጽናናት ይልቅ ለነቢይ ይቀርባል እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

በስንክሳራችን «በርሱማ» የሚባል ጻድቅ አለ። ይህ ስም ሱርስጥ ነው፤ ሁለተኛው ክፍሉ የኛው «ጾም» ነው። በርሱማ ማለት የጾም ልጅ ማለት ነው። ግማሹ ባዕድ፣ ግማሹ የቤት ልጅ።

ለመሆኑ ዕብራይስጡ «ቤን»፣ ዐረብኛው «ኢብን» ሲሉ አራማይክ ብቻውን «ነ»ን ትቶ «ረ»ን ከየት አመጣው? ጥያቄው የቋንቋ አጥኚዎችን ለረጅም ጊዜ አድክሟል። የሚገርመው አራማይክ ራሱ ብዙ ቁጥር ላይ ሲደርስ ወደ «ነ» ይመለሳል፤ አንዱ ልጅ ባር ሲሆን ልጆቹ «ብኒን» ናቸው። ሁለት በሚለው ቁጥርም ላይ እንዲሁ አድርጓል። ዕብራይስጡ «ሽናይም» ሲል እሱ «ትሬን» ይላል። ግዕዝ «ነ»ውን እንደያዘ ነው፤ «ሰኑይ» ማለት ሁለተኛው ቀን ነው፣ ሰኞ የምንለው። አራማይክ ደግሞ ብቸኛ አይደለም። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመንና በኦማን ጠረፍ የሚነገረው የመህሪ ቋንቋም ልጅን በ«ር» ይጠራል።

በዚህ ባር ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ታሪክ አለ። በ132 እ.ኤ.አ. በይሁዳ ምድር በሮማውያን ላይ ያመፁትን አይሁድ የመራው ሰው በታሪክ «ባር ኮክባ» ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ የኮከብ ልጅ ማለት ነው። ስሙን ታላቁ መምህር ረቢ አቂባ በኦሪት ዘኁልቍ ከያዕቆብ ይወጣል ከተባለው ኮከብ ጋር እንዳያያዘው ይነገራል። ዐመፁ በ135 እ.ኤ.አ. በደም ታጠበ። ከዚያ በኋላ የአይሁድ መምህራን መጻሕፍት ያንኑ ሰው «ባር ኮዚባ» ይሉታል፤ የሐሰት ልጅ። ስለዚህ ሰውዬው ለሚያምኑበት የኮከብ፣ ላዘኑበት የሐሰት ልጅ ሆኖ አሥራ ስምንት መቶ ዓመት ኖረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በ1960ና 1961 እ.ኤ.አ. በይሁዳ ምድረ በዳ ዋሻዎች ውስጥ የገዛ ደብዳቤዎቹ ተገኙ። ለበታች አዛዦቹ የጻፋቸው ትእዛዞች ናቸው፤ በአንደኛው ለዳስ በዓል የዘንባባ ቅርንጫፍና ትርንጎ እንዲላክለት ይጠይቃል። በደብዳቤዎቹ ላይ ስሙ ኮከብም ሐሰትም አይደለም፤ ስምዖን ባር ኮሲባ ነው። ወዳጅም ጠላትም አንዳንድ ፊደል ብቻ ነበር የለወጡበት።

በርባንም ቢሆን ቀላል ስም አይደለም። «ባር አባ» ነው፤ የአባት ልጅ። አንዳንድ ጥንታዊ የማቴዎስ ወንጌል ቅጂዎች ደግሞ ኢየሱስ በርባን ብለው ሙሉ ስሙን ይሰጡናል። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ኦሪጀን ይህን አይቶ፣ ይህ ስም ለወንጀለኛ አይገባም ብሎ ተቃውሞት ነበር። ቅጂዎቹ እውነት ከሆኑ ጲላጦስ በሕዝቡ ፊት ያቆማቸው ሁለቱም ኢየሱስ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ በስሙ የአባት ልጅ ነው።

እስካሁን ባር ልጅ ነው። በዕብራይስጥ ግን እነዚሁ ሁለት ፊደላት ሌላ ሌላም ያመጣሉ። ዮሴፍ በግብፅ ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት ያከማቸው እህል «ባር» ነው፤ ዐረቦች ስንዴን «ቡር» የሚሉትም ከዚሁ ነው። በዳዊት መዝሙር ውስጥ ደግሞ ልበ ንጹሕ የተባለው ሰው ንጽሕናው «ባር» ነው። ልጅ፣ እህል፣ ንጹሕ፤ ሦስቱም በሁለት ፊደል። የእኛ ፊደል ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አናባቢውን ከፊደሉ ጋር ስለሚያስር በር፣ ባር፣ ብር፣ ቡር ተለያይተው ይጻፋሉ። የጥንቱ ዕብራይስጥ የሚጽፈው ግን ተነባቢውን ብቻ ነው። ነጥቦቹ የተጨመሩት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው።

ይህ ነገር ሰው አጣልቷል። በሁለተኛው መዝሙር ማብቂያ ላይ ነገሥታቱ እንዲያደርጉ የታዘዙት አንድ ነገር አለ፤ ቃሉም «ባር» ነው። ልጁን ሳሙ ነው? በንጽሕና ስገዱ ነው? መዝሙሩ ቀደም ብሎ ልጅን ሲጠራ የተለመደውን የዕብራይስጥ ቃል «ቤን»ን ስለተጠቀመ፣ እዚህ ላይ ወደ አራማይክ ለምን ዞረ? የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ከሁለቱም ወጥቶ ተግሣጽን ስለመያዝ ይናገራል፤ ግዕዙም ከግሪክ የተተረጎመ ስለሆነ በእኛ ዳዊት ላይ በዚህ ቦታ ልጅ የለም።

በቤተልሔም ገዳም ተቀምጦ መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ይመልስ የነበረው ጀሮም በማብራሪያው ላይ «ልጁን»፣ በትርጉሙ ላይ ግን «በንጽሕና» ብሎ ጻፈ። የወጣትነት ወዳጁ፣ በኋላ ግን ባላንጣው የሆነው ሩፊኖስ ይህን ነቅሶ እንደተቸው ሰማ። ይህ ሩፊኖስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት እንዴት እንደገቡ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ላይ የጻፈልን እሱ ነው፤ የሰማውም ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደሆነ ይናገራል። ያን ጊዜ በኦሪጀን ትምህርት ምክንያት ሁለቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ከሃይማኖት ሊያስወጣ የደረሰበት ጊዜ ነበርና የቃል ምርጫ ተራ ነገር አልነበረም። ጀሮም በ401 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው መከላከያ የሰጠው መልስ ለዛሬም መዝገበ ቃላት የሚበቃ ነው። ባር ልጅ ነው አለ፤ ባርዮናን፣ በርተሎሜዎስን፣ በርባንን ቆጠረ። ደግሞ ስንዴ ነው፣ ነዶ ነው፤ ደግሞ የተመረጠና ንጹሕ ነው። ቃሉ ሁለት መንገድ ካለው እኔ ሁለቱን ባሳይ ጥፋቴ ምንድን ነው ነው የክርክሩ ፍሬ ነገር። በዘመናችን ደግሞ ፊደላቱን ከፊተኛው ስንኝ ጋር አዘዋውረው «እግሩን ሳሙ» የሚሉ ተርጓሚዎች ተነሥተዋል። ለእኔ የጀሮም መልስ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ጽሑፉን አልነካም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንግባ። የብረቱ ስም በግዕዝ «ብሩር» ነው፤ አማርኛ አሳጥሮ ብር አለው። የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ይህን ቃል ንጹሕ ከሚለው ከዚያው ከዕብራይስጡ ባር ሥር ጋር ያዛምዱታል፤ ዕብራይስጥ ዛሬም ጥርት ያለውን ነገር «ባሩር» ይላል። ብር እንግዲህ በእሳት የጠራ ማለት መሆኑ ነው። ዕብራይስጥ ብርን «ኬሴፍ»፣ ዐረብኛ «ፊዳ» ሲሉ ግዕዝ ብቻውን በንጽሕናው ጠራው። እዚህ ላይ የጋሼ መንገድ ያስታል። «ብር የተባለው ስለሚያበራ ነው» የሚል ሰው ሰምቻለሁ፤ ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን «በራ» በግዕዝ «በርሀ» ነው፤ አማርኛ የዋጣት «ሀ» በብርሃን ላይ አሁንም ትታያለች። በብሩር ላይ «ሀ» የለችም፤ ያሉት ሁለት «ረ»ዎች ናቸው። ግዕዝ ካልተጠየቀ አማርኛ ብቻውን ይሸነግላል።

ዐረብኛ ደግሞ የራሱ «ቢር» አለው፤ በጎ ሥራ፣ በተለይ ለወላጅ የሚደረግ ደግነት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን «ቢሩል ዋሊደይን» ሲሉ ብር መላክ ማለታቸው አይደለም፤ ምንም እንኳ ጅዳና ዱባይ ላሉ ልጆች ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ላይ ቢገጥሙም።

ብር ገንዘብ የሆነው በማርያ ቴሬዛ ነው። ጠገራ ብር የምንለው፣ የትም ጊዜ ቢቀረጽ 1780 የሚል ዓመት የሚታተምበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው የኦስትሪያ ገንዘብ በስሙ «ታለር» ነው። ታለር ደግሞ ከቦሂሚያዋ የብር ማዕድን መንደር ከዮአኪምስታል ስም የወጣ ሲሆን፣ ዶላርም የዚሁ የታለር ልጅ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. የወጣው ገንዘባችን በአማርኛው ገጽ «ብር»፣ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ይል ነበር፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ዶላር ተሰርዞ በሁለቱም ቋንቋ ብር ሆነ። የባዕዱን ስም ያስወጣን መስሎን ነበር። አያቶቻችን ብር ብለው የቆጠሩት ጠገራ ግን ራሱ የዶላር አባት ነበር። በኦሮምኛና በትግርኛ ገንዘቡ «ቀርሺ»፣ «ቅርሺ» ሲባል ደግሞ ቃሉ በዐረብና በቱርክ በኩል ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ወፍራም ሳንቲም ማለት ነበር።

በቅርቡ ጋሼን አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። የመወርወሪያውን ነገር ሲሰሙ «እንዴ፣ እንግዲህ በር አካባቢ ነበርኩ አይደል?» ብለው ሳቁ። ጎሚስታውን አልፈው፣ ጀሮምንና ሩፊኖስን ያለ ትዕግሥት ሰሙኝ። ከሁሉ የያዛቸው ሌላ ነበር። «በርባን የአባት ልጅ ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ብርጭቋቸውን ሳያነሡ ቆዩ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሰምቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የስድብ ስም ነበር የሚመስለኝ።»